ከመርዳታችን በፊት ያሉት ጥቂት ሰከንዶች

እንኳን ደህና መጣችሁ። በአንድ ጥያቄ ልጀምር። መንገድ ላይ አንድ ሰው ወድቋል እንበል። አላፊ አግዳሚው ብዙ ነው። አንዱ ቆሞ ጎንበስ ይላል፣ ሌላው አይቶ እንዳላየ ይሄዳል። የቆመው ለምን ቆመ? ያለፈውስ ለምን አለፈ?

ማንንም ብትጠይቁ መልሱ ያው ነው። የቆመው ደግ፣ ያለፈው ጨካኝ። አንዱ በሥርዓት ያደገ፣ ሌላው ልቡ የደነደነ። መልሱ ከነጭራሹ ስህተት ነው አልልም፤ የሰው ጠባይ ይለያያል። ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ስልሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ሰውን በየመንገዱ፣ በየባቡሩ፣ በየቢሮው ሲፈትኑ ኖረዋል፤ ደጋግመው ያገኙት ነገር ደግሞ ለመስማት ደስ አይልም። ብዙ ጊዜ የሚወስነው በዚያች ቅጽበት በዙሪያችን ያለው ጥቃቅን ነገር ነው። ጥድፊያ። ጩኸት። አጠገባችን የቆመው ሰው ፊት። የወደቀው ሰው የለበሰው ማሊያ። ይባስ ብሎ ደግሞ፣ በኋላ ስንጠየቅ እነዚህ ነገሮች እንደነኩን እንኳ አናውቅም።

ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለ እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ነው። ዓመት ስጠራ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

በዝነኛው ልጀምር። ጆን ዳርሊ እና ዳንኤል ባትሰን በ1973 ያሳተሙት ጥናት ነው። የተፈተኑት ፕሪንስተን ውስጥ ነገረ መለኮት የሚያጠኑ 40 ተማሪዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ነገ መንፈሳዊ አገልጋይ የሚሆኑ። ተማሪው አንድ ሕንጻ ውስጥ መጠይቅ ይሞላል፣ ከዚያ «ሌላኛው ሕንጻ ሄደህ አጭር ንግግር ታደርጋለህ» ይባላል። ለግማሾቹ የተሰጣቸው ርዕስ የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነው። ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ካህኑ አይቶ አለፈው፣ ሌዋዊውም አይቶ አለፈው፣ ሳምራዊው ግን ቆሞ ቁስሉን አሰረለት፤ ያው የምታውቁት ነው። የቀሩት ስለ ሥራ ጉዳይ እንዲናገሩ ተነገራቸው። ከመውጣታቸው በፊት ግን አንዲት ነገር ትጨመራለች። ለአንዳንዱ «አርፍደሃል፣ እየጠበቁህ ነው፣ ቶሎ በል» ይባላል። ለአንዳንዱ «አሁን ብትነሳ ትደርሳለህ»። ለሌላው ደግሞ «ገና ጥቂት ደቂቃ አለህ፣ ግን ከአሁኑ ብትሄድ አይከፋም»።

በመንገዱ ላይ አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ። እዚያ በር ሥር አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጧል። ተማሪው አጠገቡ ሲደርስ ሰውየው ሁለቴ ያስላል፣ ያቃስታል።

ጊዜ ከነበራቸው ተማሪዎች ከመቶ 63ቱ ቆመው ረዱ። በሰዓታቸው ከነበሩት 45ቱ። «አርፍደሃል» ከተባሉትስ? ከመቶ 10 ብቻ። ርዕሱ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። አንዳንዱ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ሊተርክ እየሮጠ የሚያቃስተውን ሰው ተራምዶት ሄዷል።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው «አይ ግብዞች!» ብሎ ይፈርዳል። እኔ አልፈርድም፣ እናንተም እንዳትፈርዱ እለምናችኋለሁ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ያዩት ነገር አለ። ካለፉት ተማሪዎች አንዳንዶቹ እዚያኛው ሕንጻ ሲደርሱ ተጨንቀው ነበር። እየጠበቃቸው ያለ ሰው አለ፣ ለዚያ ሰው ቃል ገብተዋል። እየሮጡ የነበሩት አንዱን ሰው ላለማስቀየም ነው። ልባቸው ውስጥ ደግነት ጠፍቶ ሳይሆን፣ ለአንዱ የገቡት ቃል ሌላኛውን ጋረደባቸው። የቸኮለ ሰው ዓይኑ ፊት ለፊት ብቻ ነው የሚያየው። ዳር ያለውን ነገር «ምንድነው?» ብሎ ለማሰብ የምታስፈልገው ትንሽ ጊዜ የለችውም።

ጩኸትም እንደዚሁ ነው። በ1975 የታተመ የማቲውስ እና የካነን ሙከራ አለ። አንድ ሰው መንገድ ላይ የያዘውን መጽሐፍ ይበትናል። አንዳንዴ ክንዱ ላይ ጀሶ አለ፣ አንዳንዴ የለም። አካባቢው ጸጥ ባለበት ጊዜ፣ ጀሶ ያሰረውን ሰው ከመቶ 80 የሚሆኑት ጎንበስ ብለው አግዘውታል። ከዚያ በአጠገቡ ድምፅ ማፈኛ የሌለው የሣር ማጨጃ ማሽን አስነሱ። ያው ሰው፣ ያው ጀሶ፣ ያው የተበተነ መጽሐፍ። የረዱት ከመቶ 15 ሆኑ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄ ሙከራ ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ነው የሚታለፈው። ጀሶ የሌለውን ሰው በጸጥታውም የረዱት ጥቂቶች ነበሩ፣ ከመቶ 20። ስለዚህ ሰዎቹን ያስቆማቸው የወደቀው መጽሐፍ አይደለም፤ የታሰረው ክንድ ነው። ማሽኑ ሲጮህ የጠፋው ያ ክንድ ነው። ሰው ጩኸት ሲበዛበት ቶሎ ከዚያ መውጣት ነው የሚፈልገው፤ ዝርዝር አያይም። መጽሐፉን አይቷል፣ ክንዱን ግን ልብ አላለውም። ልብ ያላለውን ነገር ደግሞ ሊያዝንለት አይችልም።

አሁን ይህንን ወደ ራሳችሁ ቀን አምጡት። ጆሮ ላይ ማዳመጫ፣ እጅ ላይ ስልክ፣ ልብ ውስጥ የሚቀጥለው ቀጠሮ። ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ጨካኝ ነው ሲባል ስሰማ የማስበው ይህንኑ ነው። ሮበርት ሌቪን እና ባልደረቦቹ በ2001 ባሳተሙት ጥናት 23 የዓለም ከተሞች ውስጥ ቀላል ቀላል ፈተናዎችን ሞክረው ነበር። ብዕር መሬት ላይ መጣል፣ እግሩን የታመመ መስሎ መጽሔት መበተን፣ ዓይነ ስውር መስሎ መንገድ ለመሻገር መቆም። ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ ከመቶ 93 ጊዜ ያህል ሰው ረድቷል፣ ኳላ ላምፑር ውስጥ 40። ይህን ያህል ልዩነት በአንድ ሕዝብ ክፋትና በሌላው ጥሩነት አይገለጽም። ሌቪን ቀደም ብሎ የአሜሪካን ከተሞች ብቻ ሲያጠና በጣም የተጨናነቁት ከተሞች በመርዳት ወደኋላ እንደሚቀሩ አይቷል።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ሌሎች ሰዎች።

በ1964 ኒው ዮርክ ውስጥ ኪቲ ጄኖቬዝ የምትባል ወጣት በሌሊት ቤቷ ደጃፍ አካባቢ ተገደለች። አንድ ትልቅ ጋዜጣ 38 ጎረቤቶች ሲያዩ ነበር፣ አንዱም አልረዳም ብሎ ጻፈ። ዓለም ጉድ አለ። ዛሬ ዘገባው በጣም የተጋነነ እንደነበር ይታወቃል፣ ጋዜጣው ራሱ አምኗል። ብዙዎቹ ጥቃቱን አላዩም፣ አንዱ በመስኮት ጮኾ ገዳዩን ለጊዜው አባሮታል፣ አንዲት ጎረቤትም ወርዳ አምቡላንስ እስኪደርስ አቅፋት ነበር። የዚህች ሴትዮ ነገር ከታሪኩ መውደቁ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ቢሆንም ዘገባው አንድ ጥሩ ጥያቄ ወለደ። ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ «ምናልባት ያልረዱት ብዙ ስለነበሩ ቢሆንስ?» ብለው ተነሡ።

በ1968 የታተመው ሙከራቸው እንዲህ ነበር። ተማሪው ብቻውን ትንሽ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በማይክሮፎን ስለ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ያወራል። አንዱ ድምፅ መጀመሪያ ላይ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ይናገራል፤ እያፈረ። ቆይቶ ተራው ሲደርሰው አንደበቱ መተሳሰር ይጀምራል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እርዱኝ ይላል። ድምፁ የተቀዳ ነው፣ ተማሪው ግን ይህንን አያውቅም። ከታማሚው ጋር እሱ ብቻ እንዳለ ያሰበው ተማሪ፣ ከመቶ 85 ጊዜ ሕመሙ ሳያበቃ ተነሥቶ ሰው ጠራ። ሌላ አንድ ሰው እየሰማ ነው ብሎ ካሰበ 62። ሌሎች አራት ሰዎች እየሰሙ ነው ብሎ ካሰበ 31።

ልብ በሉ፣ ማንንም አላየም። ሌሎቹን በሐሳቡ ብቻ ነው የሚያውቃቸው። በሐሳቡ ያሉ ሰዎች ከወንበሩ እንዳይነሳ አደረጉት።

ያልተነሱትስ ምን ይመስሉ ነበር? ይህ ነው ልቤን የሚነካው። ተመራማሪዋ በሩን ከፍታ ስትገባ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ መዳፋቸው ላብ በላብ ነበር። «ልጁ ደህና ነው? የሚረዳው ሰው አገኘ?» ብለው ነው የጠየቋት። ምን አገባኝ ያለ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም። እነዚህ ሰዎች ላለመርዳት የወሰኑ ሰዎች አልነበሩም። መወሰን ያቃታቸው ሰዎች ነበሩ።

ሁለተኛው ሙከራቸው የጭስ ነው። ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው መጠይቅ እየሞሉ ሳለ በግድግዳው ቀዳዳ ጭስ መግባት ይጀምራል። ብቻውን ከሆነ፣ ከአራቱ ሦስቱ ወጥተው ይናገራሉ። ግን ክፍሉ ውስጥ ከተመራማሪዎቹ ጋር የተስማሙ ሁለት ሰዎች ካሉ፣ እነሱም ቀና ብለው ጭሱን አይተው ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ወረቀታቸው ከተመለሱ፣ ሄዶ የሚናገረው ከአሥሩ አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ያስላሉ። ዓይናቸውን ያሻሉ። ጭሱን በእጃቸው ያራግባሉ፣ መስኮት የከፈቱም አሉ። ግን መጠይቁን መሙላት አላቆሙም! በኋላ «ምን መሰላችሁ?» ሲባሉ፣ አንዱ እንፋሎት ነው አለ፣ አንዱ የአየር ማቀዝቀዣው ነው አለ፣ እውነት የሚያናግር ጋዝ ነው ያሉም ነበሩ። እሳት ነው ያለ የለም።

እንግዲህ እዚህ ጋ የሚሠራው ይሉኝታ ነው። ብድግ ብዬ ጮኬ ነገሩ ምንም ባይሆንስ? ሰው ምን ይለኛል? ስለዚህ ፊቴን ዘና አድርጌ የሌሎቹን ፊት በጎን አያለሁ። እነሱም ፊታቸውን ዘና አድርገው የእኔን ያያሉ። ሁሉም ልቡ ይመታል፣ ሁሉም የሌላውን ፊት አይቶ «አይ፣ ምንም የለም ማለት ነው» ይላል። ተረጋግቶ የተቀመጠ አንድም ሰው ሳይኖር፣ ክፍሉ በሙሉ የተረጋጋ ይመስላል።

ዳርሊ እና ላታኔ ሙከራው ሲያልቅ ተሳታፊዎቹን «የሌሎቹ እዚያ መኖር ነክቶሃል?» ብለው ጠይቀዋል። በዘዴም ጠየቁ፣ በቀጥታም ጠየቁ፣ አግባብተውም ሞከሩ። መልሱ አንድ ዓይነት ነው። በጭራሽ! ከመቶ 75 ወደ 10 የወረደ ነገር ባለቤቱ ዘንድ ምንም ዱካ አልተወም። እኔ «ሳናውቀው» ስል ይህንን ማለቴ ነው። የተደበቀ ነገር አልነበረም፣ ዓይናቸው ፊት ነበር። የተደበቀባቸው የሠራው ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ እናንተን ማሳሳት ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲነገር «ሰው ከበዛ የሚረዳ የለም» ብላችሁ ወደ ቤት እንዳትሄዱ። በ2019 ሪቻርድ ፊልፖት እና ባልደረቦቹ በአምስተርዳም፣ በኬፕታውን እና በላንካስተር መንገዶች ላይ በደኅንነት ካሜራ የተቀረጹ 219 እውነተኛ ጠቦችን አንድ በአንድ አይተዋል። ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ሰው ጣልቃ ገብቷል። ሰው በበዛ ቁጥርም አንድ የሚገላግል የመገኘቱ ዕድል ጨምሯል። ለእኔ ይህ ትልቅ ምሥራች ነው። እንዴት ከጭሱ ጋር ይስማማል? እኔ እንደሚገባኝ፣ ቡጢ ግልጽ ነገር ነው። ጭሱ ግልጽ አልነበረም። ሰው ግራ ሲገባው ነው የሌላውን ፊት የሚያነበው።

የኒው ዮርኩ የምድር ባቡር ሙከራም ይህንኑ ይደግፋል። ባቡሩ ሳይቆም በሚሄድበት በሰባት ደቂቃ ተኩል ጊዜ ውስጥ አንድ ሰው ዘፍ ብሎ ይወድቃል። በ1969 የታተመ ነው። ፉርጎው በሰው የተሞላ ነው፣ ግን ከዘራ የያዘው ሲወድቅ ከ65 ጊዜ 62ቱን ወዲያው ረድተውታል። መጠጥ መጠጥ እየሸተተ ጠርሙስ ይዞ ሲወድቅ ግን ግማሽ ጊዜ ብቻ። አወዳደቁ አንድ ነው። የተለየው በእጁ የያዘው ነው፤ ከዘራው «ይህ ሰው ታሟል» ይላል፣ ጠርሙሱ ደግሞ «የራሱ ጥፋት ነው፣ ሊያስቸግርህም ይችላል» ይላል። ተሳፋሪው ይህን ለማንበብ ጊዜ አልወሰደበትም።

ስለ ማሊያው ቃል ገብቻለሁ። የእግር ኳስ ወዳጆች፣ ይሄ የእናንተ ነው። ማርክ ሌቪን እና ባልደረቦቹ በ2005 ያሳተሙት ነው፣ ቦታው ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሆኑ ተማሪዎች መጀመሪያ ቡድናቸውን ምን ያህል እንደሚወዱ መጠይቅ ይሞላሉ። ከዚያ ወደ ሌላ ሕንጻ ሲሄዱ አንድ የሚሮጥ ልጅ ተንሸራቶ ይወድቃል፣ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ይጮኻል። የማንቸስተር ማሊያ ከለበሰ ከ13 ተማሪዎች 12ቱ ረዱት። የሊቨርፑል ማሊያ ከለበሰ ከ10 3ቱ። ምንም ምልክት የሌለው ልብስ ከለበሰ ከ12 4ቱ።

እስከዚህ ድረስ የሚገርም ነገር የለውም ትሉ ይሆናል። ቆዩ። ሙከራውን ደገሙት፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጠው። አሁን መጠይቁ ስለ ማንቸስተር ሳይሆን በጠቅላላው ስለ እግር ኳስ ደጋፊነት ነው፣ ኳስ መውደድ ምን ያህል ደስ እንደሚል። ያው የማንቸስተር ደጋፊዎች፣ ያው መንገድ፣ ያው አወዳደቅ። የሊቨርፑል ማሊያ የለበሰውን ከአሥሩ ሰባቱ ረዱት! ባላንጣው በአንዲት ወረቀት ምክንያት ወገን ሆነ። ተራ ልብስ የለበሰው ግን አሁንም ከደጅ ቀረ፤ ከአምስቱ አንዱ ያህል ነው የረዳው። እኔ ይህን ጥናት ባነበብኩ ቁጥር ተስፋም ፍርሃትም አብሮ ይይዘኛል። «የእኛ» የምንለው ክበብ በጣም ቶሎ ይሰፋል። ግን ሁልጊዜ ውጪ የሚቀር ሰው አለ፣ ማን ውጪ እንደቀረ ደግሞ እኛው አላስተዋልንም።

አሁን ደግሞ ስለማላምናቸው ነገሮች ላውራ። ምክንያቱም በዚህ ርዕስ ዙሪያ እንደ አስማት የሚወሩ ብዙ ታሪኮች አሉ፣ አንዳንዶቹን እናንተም በቪዲዮ አይታችኋቸዋል።

በ1972 በታተመ ጥናት የሕዝብ ስልክ የደወሉ ሰዎች የመመለሻው ሳጥን ውስጥ የተረሳ ሳንቲም እንዲያገኙ ተደረገ። ከዚያ አንዲት ሴት ፊታቸው ወረቀት ትበትናለች። ሳንቲም ካገኙት 16 ሰዎች 14ቱ ረዷት፣ ካላገኙት 25 ግን አንዱ ብቻ። እንዴት ያምራል! ሌሎች ደግመው ሲሞክሩት ግን ይህንን አላገኙም። በ2006 ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማንም ሳይቆጣጠረው ሻይና ቡና የጠጣው ሰው ራሱ ሂሳቡን የሚጥልበት ሳጥን አጠገብ፣ አንዱን ሳምንት የአበባ፣ አንዱን ሳምንት የሰው ዓይን ሥዕል ለጠፉ። ዓይን ባለበት ሳምንት ገንዘቡ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በ2017 ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲመዘኑ ግን የዓይን ሥዕል ሰውን ለጋስ እንደማያደርግ ነው የታየው። ገንዘብን ማስታወስ ብቻ ሰውን ራስ ወዳድ ያደርጋል የተባለውም፣ ሲደገም አልያዘም። ነገሩ ከፍቶ የኖቤል ተሸላሚው የሥነ ልቦና ሊቅ ዳንኤል ካኔማን በ2012 እንዲህ ያሉ ስውር ምልክቶችን ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ሥራችሁን ደግማችሁ ፈትሹ እስከ ማለት ደርሷል።

ታዲያ የትኛውን እንመን? የራሴን መለያ ልንገራችሁ። እርዳታ ከመድረሱ በፊት በሰው ውስጥ ሦስት ነገሮች መሆን አለባቸው። ማየት አለበት። ያየው ነገር ችግር መሆኑ ሊገባው ይገባል። ከዚያም «ይህ የኔ ነው» ማለት አለበት። ጥድፊያና ጩኸት የመጀመሪያውን ይነኩታል፣ የሌሎች ፊትና ከዘራው ሁለተኛውን፣ የሰው ብዛትና ማሊያው ሦስተኛውን። ከእነዚህ አንዱን በቀጥታ የሚነካ ምልክትን አምነዋለሁ። ከነዚህ አንዱንም ሳይነካ በግድግዳ ሥዕል ወይም በአንዲት ሳንቲም የሰውን ልብ ይገለብጣል ሲሉኝ ግን ቆም እላለሁ። ደስ ያለው ሰው ለመርዳት ፈጠን ማለቱ እውነት ነው፣ ብዙ ጥናት ይደግፈዋል። ግን ከመቶ 4 ወደ 88 በአንድ ሳንቲም? አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ የማወራው ሰውን ከጥፋት ነጻ ለማውጣት አይደለም። «ሁኔታው ነው ያደረገኝ» ማለት ለማያውቅ ሰው ነው። የሚያውቅ ሰው ሁኔታውን መለወጥ ይችላል። ከሁሉ በላይ ቀላሉ ለውጥ ደግሞ አፍ ከፍቶ መጠየቅ ነው።

ቶማስ ሞሪያርቲ በ1975 ያሳተመው ሙከራ አለ። ቦታው የኒው ዮርክ የባሕር ዳርቻ። አንድ ሰው ምንጣፉን አንጥፎ፣ ትንሽ ሬዲዮውን ከፍቶ፣ ከሆነ ሰው አጠገብ ጋደም ይላል። ቆይቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ሌላ ሰው መጥቶ ሬዲዮውን አንሥቶ ውልቅ ይላል። ባለቤቱ ሲነሳ ጎረቤቱን ያነጋገረው ስለ ሌላ ነገር ብቻ ከሆነ፣ ሌባውን ለማስቆም የሞከረው ከአምስቱ አንድ ነው። «አደራ፣ ዕቃዬን እያየህልኝ» ብሎ ከሄደ ግን ከ20ው 19ኙ ተነሡ። ሮጠው የያዙት አሉ። የማያውቁት ሰው ነው እኮ! ሬዲዮው የማን እንደሆነ ሁለቱም ወገን አይተዋል፣ ስርቆት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። የተጨመረው አንዲት ቃል ነች፤ በዚያች ቃል ነገሩ «የኔ» ሆነ።

እኛ ግን አንጠይቅም። ፍራንሲስ ፍሊን እና ቫኔሳ ሌክ በ2008 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን «አምስት ሰው መጠይቅ እንዲሞላላችሁ ስንት ሰው መጠየቅ ያስፈልጋችኋል?» አሏቸው። ሃያ ያህል አሉ። ወጥተው ሲጠይቁ አሥር ያህል በቃ። ሰው እምቢ ይለኛል ብለን የምንፈራውን ያህል እምቢ አይልም። የሚጠየቀው ሰው ፊት ለፊት «አይ» ማለት እንዴት እንደሚከብደው፣ ጠያቂው ሆነን ስንቆም ይጠፋብናል። ያው ጭሱ ክፍል ውስጥ አስሮ ያስቀመጠን ይሉኝታ እዚህ ሲሆን ለእኛ ይሠራል።

ስለዚህ እርዳታ ስትፈልጉ ለሕዝብ አትጩኹ። መቶ ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ «የሚያግዘኝ ሰው አለ?» ብላችሁ ጽፋችሁ ሁሉም አንብቦ ዝም ያለበት ጊዜ ካለ፣ ሰዎቹ ስለጠሏችሁ አይደለም። እያንዳንዱ ሌላው ይመልሳል ብሎ ነው። ያንኑ መልእክት ለአንድ ሰው በስሙ ላኩለት። አደጋ ላይም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያ እርዳታ አሠልጣኞች ይህን ያስተምራሉ። «እባካችሁ አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ!» ቢባል ሁሉም ይተያያል። በጣት አመልክቱ። «አንተ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበስከው፣ አምቡላንስ ጥራና ተመልሰህ ንገረኝ። አንቺ፣ እግሩን ያዥልኝ።» የሚያስፈልጋችሁን ነገር ለይታችሁ ተናገሩ፣ ምን እንደሆናችሁ ተናገሩ። የቆመው ሰው ግራ እንዳይገባው።

ተመልካቹ እናንተ ስትሆኑ ደግሞ፣ ያን የሌሎችን ፊት የማየት ልማድ ገታ አድርጉት። ዞር ብላችሁ ሰው ሁሉ የተረጋጋ ከመሰላችሁ፣ እነሱም የእናንተን የተረጋጋ ፊት እያዩ መሆኑን አስቡ። ብዙ አይጠበቅባችሁም። ጠጋ ብሎ «ደህና ነህ?» ማለት ይበቃል። ተኝቶ ከሆነ ይነሣል፣ ይቆጣ ይሆናል፣ በቃ። አንድ ሰው ሲጠጋ ሌሎቹ ወዲያው ይከተላሉ፣ ምክንያቱም አሁን የሚያነቡት ሌላ ፊት አግኝተዋል።

ይህን ሁሉ መስማት ይጠቅማል ወይ? እሱም ተፈትኗል። በ1978 በታተመ ጥናት አንዳንድ ተማሪዎች ዛሬ ያወራሁላችሁን ዓይነት ትምህርት እንዲሰሙ ተደረገ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከትምህርቱ ጋር በማይገናኝ ቦታ፣ አጠገባቸው ግድ የሌለው የሚመስል ሰው ቆሞ ሳለ፣ ወድቆ ያለ ሰው አጋጠማቸው። ካልተማሩት ከመቶ 25ቱ ረዱ። ከተማሩት 43ቱ። ለአንድ ትምህርት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከተማሩትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልፈዋል፤ ሰምተውም፣ አውቀውም። ለምን እንዳለፉ ብዙ አስቤበታለሁ፣ የእናንተንም ሐሳብ መስማት እፈልጋለሁ። ማይኩን ከኋላ መስመር እንጀምር፤ አንቺ፣ መነጽር ያደረግሽው፣ ቀጥዪ።